የዊል ሆርስ ሲ-120 ሞተር ደክሟል፦ ኬ301ን ላድሰው ወይስ ልቀይረው?

የጓሮ ጎመን (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ትራክተሩ የ1970ዎቹ ዊል ሆርስ ሲ-120 ነው፤ ስምንት ማርሽ፣ ሞተሩ ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ኮህለር ኬ301ኤስ፣ 12 ፈረስ ጉልበት። ካምቢዮው፣ ፍሬኑና ሻንሲው ምንም አላላቸውም። ያስቸገረው ሞተሩ ነው።

ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ሞቆም አይጠራም። ሁለት ሰዓት ሣር ካጨደ በኋላ ዘይቱ በግልጽ ወርዶ ይገኛል። ካንዴላው ቶሎ ቶሎ በዘይት ይርሳል። ባዶውን ሲሠራ ድምፁ ደህና ነው፤ ሸክም ሲይዝ ግን ከሥር ይመታል፣ ጋዝ ሲቀነስ ደግሞ ለአፍታ ይብስበታል። ኮምፕረሽኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) በሞተሪኖ (በማስነሻው) እየዞረ ሲለካ 55 ፒኤስአይ ነው።

የሚጠበቅበት ሥራ፦ 42 ኢንች ማጨጃ፣ በክረምት በረዶ መግፊያ ምላጭ፣ በጸደይ የድንችና የጎመን መደብ ማረስ። ሦስት መንገድ ታይቶኛል። አንድ፣ ያለውን ማደስ። ሁለት፣ ከካብ ካዴት (ሌላ የትራክተር ስም) የወጣ ሁለተኛ እጅ ኬ301 ቅርብ ቦታ ይሸጣል፣ እሱን መግጠም። ሦስት፣ ሃርበር ፍሬይት የሚባለው የመሣሪያ መደብር የሚሸጠውን አዲስ ሞተር፣ ፕሬዴተር 420ን፣ መግጠም። የትኛው ያዋጣል? የሚያውቅ ሰው ቁጥር ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል፤ "እንደ ሁኔታው ነው" የሚለውንማ ራሴም እላለሁ።

ቮላኖ

መጀመሪያ ያንን 55 እርሳው። ኬ301 ካምሻፍቱ (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) ላይ የኮምፕረሽን ማቅለያ አለው። በሞተሪኖ ስታስነሳው የጭስ ማውጫውን ቫልቮላ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሞተሩ ፍጥነት ሲያገኝ ክብደቶቹ ይከፈቱና ይለቁታል። ስለዚህ በማስነሻ ፍጥነት የሚነበብ ቁጥር ጤነኛውንም ሞተር በሽተኛ ያስመስለዋል። የኮህለር መመሪያ ወደ ኋላ አዙረህ ለካ ነው የሚለው፤ ወደ ኋላ ሲዞር ማቅለያው አይሠራም። ደህና ሞተር ያን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ፒኤስአይ ይሰጣል፣ ከ100 በታች ከሆነ ያፈሳል ማለት ነው። ድሪል በቮላኖው (በሞተሩ ከባድ መዘውር) ዳዶ ላይ ገጥመህ ወደ ኋላ ላዙር እንዳትል ግን፤ የሚፈታው ዳዶው ነው።

ከዚህ የሚሻለው በአየር መፈተን ነው። ፒስተኑን በኮምፕረሽን ምት ላይ ጫፍ አድርሰህ ክራንክሻፍቱን (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዋና ዘንግ፣ ክራንኩን) አጥብቀህ ያዝ። ካልያዝከው አየሩ ያዞረዋል፣ እጅህን ከፑሌጃው (ቺንጋው ከሚዞርበት ጎማ) አርቅ። በካንዴላው ቀዳዳ አየር ስደድና አዳምጥ። በማርሚታው ከተነፈሰ የጭስ ማውጫ ቫልቮላ ነው፤ በካርቡራተሩ ከወጣ የማስገቢያው ነው፤ በዲፕስቲኩ ቱቦ ወይም በመተንፈሻው ከወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ሲሊንደሩ ነው፤ በቴስታታው (በሲሊንደሩ ክዳን) ጠርዝ የሳሙና አረፋ ካፈላ ጓርኒሲዮኑ (በመሃል ያለው ማሸጊያ) ነው።

መተንፈሻውንም ሳታይ ጭሱን በፋሻ ላይ አታሳብ። ኬ301 ከቫልቮላዎቹ ሽፋን ኋላ ስስ የብረት ምላስ አለው፤ አየር ከካርተሩ (ክራንኩ ካለበት የሞተሩ ሆድ) ወደ ውጪ ብቻ ያስወጣል። ምላሷ ከተጣመመች ወይም አንድ ሰው ቀድሞ ፈትቶ ገልብጦ ከገጠማት ካርተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና አዲስ ፋሻ ያለውም ሞተር ዘይት ይተፋል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ግን ብዙ ሞተር በዚህ የተነሳ ያለ ጥፋቱ ፈርሷል።

የሚመታው ድምፅ ግን ያሳስባል። ቴስታታውን አንሳ። ፒስተኑን ወደ መሃል አውርደህ ቮላኖውን በሁለት እጅ ይዘህ በጣም በትንሹ ወዲያና ወዲህ ነቅንቅ፣ ዓይንህ ፒስተኑ ላይ ይሁን። ቮላኖው ተንቀሳቅሶ ፒስተኑ ትንሽ ዘግይቶ ከተከተለ፣ ያቺ መዘግየት የቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) ልቅነት ናት። ቢዬላው አሉሚኒየም ነው፣ በመሃል ሼል (ተለዋጭ ኩሽኔታ) የለውም፣ በቀጥታ ክራንኩ ላይ ይዞራል። ልቅ ሆኖ መሥራት ከቀጠለ ይሰበርና ብሎኩን በጎኑ ይበሳዋል። ያን ጊዜ ስለማደስ የሚያወራ አይኖርም። ስለዚህ ሸክም አታሸክመው፣ ይቁም።

ጋሽ ቶርኖ

ቮላኖ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ልኩ ልጨምር። ማደስ ወይስ መቀየር የሚለውን የሚወስነው ስሜት አይደለም፣ ማይክሮሜትር ነው። መለዋወጫ አስቀድመህ አትግዛ። ፒስተኑ የሚገዛው ሲሊንደሩ ከተለካ በኋላ፣ ቢዬላው የሚገዛው ክራንኩ ከተለካ በኋላ ነው።

የኬ301 ሲሊንደር ከፋብሪካ 3.375 ኢንች ነው፤ እስከ 3.378 ይታገሣል። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች በሁለት አቅጣጫ ለካ፣ ስድስት ቁጥር ይኖርሃል። ከላይና ከታች ያለው ልዩነት ከ0.0015 ካለፈ ወይም ክብነቱ ከ0.005 በላይ ከተዛባ ሲሊንደሩ መሰፋት አለበት። ፋሻ ብቻ ቀይሮ መዝጋት ለአንድ ክረምት ማታለያ ነው። ትርፍ ልክ ፒስተን በ0.010፣ በ0.020 እና በ0.030 ይገኛል። ቶርኖ ቤቱ ሲሊንደሩን በትክክል በዚያ ልክ ብቻ ያስፋው፤ ክፍተቱ ከፒስተኑ ላይ ተቀንሶ ነው የሚመጣው። "ለመላወሻ" ብሎ የሚጨምር ባለሙያ ካጋጠመህ ፒስተኑ ሲንኳኳ ይኖራል።

ክራንኩ፣ ቢዬላው የሚይዝበት ቦታ፣ 1.500 ኢንች ነው። እንቁላል ቅርጽ ይዞ ከሆነ ወይም የአሉሚኒየም ቅባት ከተላከከበት ይሞረድና 0.010 ያነሰ ቢዬላ ይገጠምለታል። ቢዬላውና ክራንኩ መሃል የሚፈለገው ክፍተት ከ0.001 እስከ 0.002 ነው፤ ከ0.0025 ካለፈ ተቀባይነት የለውም። በፕላስቲጌጅ ክር (ሲጨፈለቅ ስፋቱ ክፍተቱን የሚያሳይ ለስላሳ ፕላስቲክ) ይለካል።

ሌላው ማንም የማይነግርህ ነገር፦ ካርተሩ ውስጥ ሁለት የሚዛን ጥርሶች ይኖሩ ይሆናል፤ ሁሉም ኬ301 የለውም፣ ብዙዎቹ ግን አላቸው። ንዝረት ለመቀነስ የተገጠሙ ናቸው። መርፌ ኩሽኔታቸው ሲያረጅ ይፈርሱና ስብርባሪው ክራንኩና ብሎኩ መሃል ገብቶ ሞተሩን ይፈጀዋል። ሞተሩ ከተፈታ አይቀር አውጣቸው። ተሸካሚ ዘንጎቹ ባሉበት ቢቀሩ አይጎዱም። ንዝረቱ ትንሽ ይጨምራል፣ ሞተሩ ግን በእነሱ አይሞትም።

የጓሮ ጎመን (ጠያቂ)

ጋሽ ቶርኖ እናመሰግናለን፣ እንዳሉት ተለክቷል። አየሩ በዲፕስቲኩ በኩል በኃይል ይወጣል፤ ቫልቮላዎቹ ደህና ናቸው። መተንፈሻው በትክክል የተገጠመ ነው። ሲሊንደሩ ከላይ 3.384፣ ከታች 3.378። ክራንኩ በአንድ አቅጣጫ 1.4995፣ በሌላው 1.4965። የሚዛን ጥርሶቹ አሉ፣ አንዱ በእጅ ሲነካ ይላወሳል።

0.010 ትርፍ ይበቃዋል? የካብ ካዴቱ ሞተርስ?

ጋሽ ቶርኖ

አይበቃውም። 0.010 ትርፍ ማለት 3.385 ነው። የእርስዎ ሲሊንደር ከላይ 3.384 ደርሷል፤ ለመሣሪያው የቀረለት አንድ ሺህኛ ብቻ ነው። መበላቱ ደግሞ በሁሉም ጎን እኩል አይደለም፣ ፒስተኑ የሚገፋው ጎን ላይ ይበዛል፤ 0.010 ላይ ቢቆም ያልተነካ ጥቁር መስመር ይቀራል። በቀጥታ 0.020 ይሂዱ፣ 3.395። ለሚቀጥለው ጊዜም 0.030 ተቀምጦለታል። ክራንኩ 0.003 እንቁላል ሆኗል፣ በ0.010 ይሞረድ፣ ከዚያ 0.010 ያነሰ ቢዬላ ይግዙ። ብሎኩ ካልተሰነጠቀ ሊታደስ የሚገባው ሞተር ነው።

ሳውዝ ቤንድ

ስለ ካብ ካዴቱ ሞተር ልመልስ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። "ኬ301 ኬ301 ነው" አይባልም። ኮህለር ይህን ሞተር ለዊል ሆርስም፣ ለካብ ካዴትም፣ ለጆን ዲርም ሸጧል፤ ለእያንዳንዱ ግን ክራንኩን፣ የዘይት ድስቱንና ማስነሻውን ለየብቻ ቀይሮ ነው የሰጠው። ልዩነቱን የሚነግርህ ሽፋኑ ላይ ያለችው ሳህን ናት፦ ከሞዴሉ ቀጥሎ ያለውን ስፔክ ቁጥር አንብብ።

ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በሠራቸው ካብ ካዴቶች ሞተሩ በቁመት ነው የሚቀመጠው። የፒቲኦው ጫፍ (ለማጨጃና ለመሳሰሉት ኃይል የሚወጣበት) ወደ ፊት ይዞራል፣ ኃይል ወደ ካምቢዮ የሚሄደው በቮላኖው በኩል በዘንግ ነው። ዊል ሆርስ ላይ ደግሞ ሞተሩ ተሻግሮ ይቀመጣል፣ በቀኝ በኩል ባለው ክራንክ ጫፍ ላይ ፑሌጃና የማጨጃው ፍሪሲዮን ተደርድረው ይቀመጣሉ። የክራንኩ ርዝመትና አቆራረጥ አይገጥምም። ሁለተኛ፣ የሞዴሉ ፊደል "ኤ" ካለበት (ኬ301ኤ፣ ኬ301ኤኤስ) የዘይት ድስቱ ልዩ ነው፣ የቡሎን ቀዳዳው ከዊል ሆርስ ሻንሲ ጋር አይገናኝም። ሦስተኛ፣ የቀደሙት ካብ ካዴቶች የሚነሱት በቺንጋ በሚዞር ሞተሪኖ-ዲናሞ ነው፤ ቮላኖው ላይ የጥርስ ቀለበት የለም። የአንተ "ኤስ" ማለት ጥርስ የሚነክስ ሞተሪኖ ማለት ነው፤ ቮላኖህን ማዛወር ይኖርብሃል።

ስለዚህ እንዳለ አይገጠምም፣ ግን አትናቀው። ብሎኩ፣ ቴስታታው፣ ካምሻፍቱ፣ ቫልቮላዎቹ፣ ፒስተኑ አንድ ናቸው። ሲሊንደሩ 3.375 ላይ ያለ ያልተነካ ብሎክ ከሆነ በእሱ ውስጥ የራስህን ክራንክ (ተሞርዶ)፣ የራስህን የዘይት ድስትና ቮላኖ ትሰካለህ፤ የማስፋቱ ሒሳብ ይቀርልሃል። ሻጩ ቴስታታውን ከፍቶ ካላስለካህ ግን እንደ ብረት ቁርጥራጭ ዋጋውን ንገረው።

ሌላ አማራጭ ረስተሃል፦ ኬ321፣ 14 ፈረስ ጉልበት። ያው ቤተሰብ ነው፣ የፒስተኑ ምት አንድ ነው (3.25 ኢንች)፣ ሲሊንደሩ ብቻ 3.5 ነው። ከዊል ሆርስ የወጣ ኬ321 ካገኘህ ያለ ምንም መጋዝ ይገባል። ከ1980ዎቹ የመጡት ማግነም ሞተሮችም ይገባሉ፣ ግን ማቀጣጠያቸው በማግኔቶ (ያለ ባትሪ እሳት በሚሠራ) ነው፤ ሽቦው ይቀየራል።

ደርሶ መልስ

ሁላችሁም በማደስ ላይ ናችሁ፣ ለፕሬዴተሩም አንድ ሰው ይሟገትለት። ክራንክ ማስሞረድ፣ ሲሊንደር ማስፋት፣ ፒስተን፣ ቢዬላ፣ ጓርኒሲዮንና ፓራኦሊዮ (ዘይት ከልካይ ቀለበት) ሲደመር የአዲስ 420 ሲሲ ሞተር ዋጋ አይደርስም ትላላችሁ? በብዙ ቦታ ያልፋል። በዚያ ላይ አዲሱ 13 ፈረስ ነው፣ ቫልቮላው ከላይ ቴስታታው ውስጥ ነው፣ ቤንዚን ይቆጥባል። ፑሌጃ አስገብቶ አራት ቡሎን ማሰር ነው።

ሳውዝ ቤንድ

አራት ቡሎን ብቻ ቢሆንማ! ተራ በተራ እንየው።

የ420ው ዘንግ 1 ኢንች ነው፤ የኬ301 ግን 1 ከ1/8። ያለህን ፑሌጃ ለመጠቀም ከ1 ወደ 1 ከ1/8 የሚያደርስ እጅጌ (ዘንጉ ላይ የሚለበስ ቱቦ) ያስፈልጋል፤ ግድግዳው 1/16 ኢንች ብቻ ነው። እጅጌው ለኪዋ (ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር ለምትቆልፈው ቁራጭ ብረት) መተላለፊያ የተሰነጠቀ ይሁን። የሁለቱም ኪ ስፋቱ 1/4 ነው፣ ግን ካሬዋ ኪ እጅጌውን አልፋ ፑሌጃው ውስጥ በቂ አትነክስም፤ ስፋቷ 1/4፣ ቁመቷ 5/16 የሆነ ኪ ያስፈልጋል። አጭሯን ከተጠቀምክ በመጀመሪያው የበረዶ ክምር ላይ ትላጫለች።

ቀጥሎ የዘንጉ ርዝመት። ዊል ሆርስ ላይ የማጨጃው ፍሪሲዮን ደወል መሳይ ፑሌጃ ነው፣ ከመንጃው ፑሌጃ ውጪ በክራንኩ ጫፍ ላይ በኩሽኔታ ይዞራል። ለሁለቱም የሚበቃ ዘንግ ያስፈልጋል። የ420ው ዘንግ ወደ 3 ኢንች ተኩል ነው። ከሞተሩ ፊት እስከ አሮጌው ክራንክ ጫፍ በሜትር ለካ፤ ከዚህ ከበለጠ ደወሉ መቀመጫ አጣ ማለት ነው። ለበረዶና ለማረስ ብቻ ከሆነ አያስጨንቅም። 42 ኢንች ማጨጃ ግን ያለ ደወሉ አይዞርም። "የኤሌክትሪክ ፍሪሲዮን እገጥማለሁ" ብትል፣ እሱ ወደ 4 አምፔር ይወስዳል፤ የዚህ ዓይነት ትንንሽ ሞተሮች የሚያስሞሉት ብዙ ጊዜ 1 ወይም 3 አምፔር ነው። እያጨድክ ባትሪውን ትጨርሰዋለህ።

መሠረቱም አይገጥምም፤ ቀዳዳው ሌላ፣ የዘንጉ ከፍታ ሌላ ነው። 3/8 ኢንች ውፍረት ያለው የብረት ሳህን ቆርጠህ መሃል ታስገባለህ። 1/4 ኢንች ሳህን በቺንጋው ጉተት ይታጠፋል፤ ቺንጋው ሲዘል ጥፋቱን ሌላ ቦታ ትፈልገዋለህ። የሳህኑ ቡሎን ቀዳዳ ሞላላ ይሁን፣ ፑሌጃውን ከካምቢዮው ፑሌጃ ጋር በቀጥታ ብረት አስተካክለህ ነው የምታጠብቀው።

አሁን ሰው ሞተር የሚያቃጥልበት ቦታ። ኬ301 የባትሪ ማቀጣጠያ ነው፦ ቁልፉን ስትከፍት 12 ቮልት ወደ ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሠራው ጥቅል) ይሄዳል፣ ስትዘጋ ይቋረጣል። አዲሱ ሞተር ተቃራኒው ነው፤ ማግኔቶ ነው፣ እሳቱን ራሱ ይሠራል፣ የሚቆመው ማጥፊያ ሽቦው ከሻንሲ ጋር ሲገናኝ ነው። የአሮጌውን የቦቢና ሽቦ ከአዲሱ ማጥፊያ ሽቦ ጋር ካገናኘህ 12 ቮልት ወደ ቦቢናው ትልካለህ። ይቃጠላል። አንዴ ቁልፉን መክፈት ይበቃዋል። የማግኔቶ ቁልፍ ግዛ፣ አምስት እግር ያለው፤ እግሮቹ ላይ ቢ፣ ኤስ፣ ኤም፣ ጂ እና ኤል ተጽፏል። ከመግጠምህ በፊት በሞካሪ አረጋግጥ፦ ሲዘጋ ኤም እና ጂ ይገናኛሉ፣ ሲከፈት ይለያያሉ። ኤም ላይ በየትኛውም ሁኔታ 12 ቮልት ካየህ ቁልፉ የማግኔቶ አይደለም።

ደርሶ መልስ፣ ሞተሩ መጥፎ ነው አላልኩም። ለአጭር ሥራ ጥሩ ሞተር ነው። የቮላኖው ክብደት ግን ከኬ301 ያነሰ ነው፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ማረሻ ሲጎትት ቶሎ ይታነቃል። የኬ301 ይዘት 476 ሲሲ ገደማ ነው፣ ብረቱ ከባድ ነው፤ 12 ፈረስ ቢባልም አፈር ውስጥ ሲገባ አይደነግጥም።

ጣና ዳር

ከሩቅ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ፎገራ ላይ ሽንኩርት የሚያጠጡ ፓምፖች ላይ ያሉት ብዙዎቹ የሆንዳ ጂኤክስ390 ቅጂዎች ናቸው፤ የእናንተም 420 ያው ዘር ነው። ሁለተኛ እጅ ልትገዙ ከሆነ ዘንጉን እዩ፦ ከፓምፕ የወጣ ብዙ ጊዜ ጫፉ ጥርስ የወጣለት ነው፣ ከጄኔሬተር የወጣ ደግሞ ሾጣጣ ነው። ለፑሌጃ የሚሆነው ቀጥ ያለና ኪ ያለው ብቻ ነው። ሾጣጣውን በቶርኖ ቀጥ አደርገዋለሁ የሚል አይጠፋም፤ አትስሙት፣ ሲቀጥን ይሰበራል።

የዘይት መጠን ጠባቂም አላቸው። ተዳፋት ላይ ሲዘም ዘይቱ ሞልቶ ሳለ "ዘይት የለም" ብሎ ያጠፋዋል። ሽቦውን መንቀል ቀላል ነው፣ ከነቀላችሁ ግን ዲፕስቲኩን በየጠዋቱ ማየት ልማድ ይሁን።

የጓሮ ጎመን (ጠያቂ)

ተወሰነ፦ 42 ኢንች ማጨጃ ስላለ ማደስ ነው። ሲሊንደሩ 0.020፣ ክራንኩ 0.010። የሚዛን ጥርሶቹ ይወጣሉ። ሲፈታና ሲገጠም ምን ላይ ልጠንቀቅ? ማርሚታው ደግሞ ብሎኩ ላይ ተጣብቋል፣ አልፈታም ብሏል።

ቮላኖ

ለማርሚታው፦ ቱቦውን በረጅም ቁልፍ እየታገልክ አታጥምዘው፤ የብሎኩ ጥርስ ተነቅሎ ይወጣል፣ ብሎኩም ሊሰነጠቅ ይችላል። ቱቦውን ከብሎኩ አንድ ኢንች ወጣ ብለህ ቁረጠው። ከዚያ የብረት መጋዝ ምላጭ ውስጡ አስገብተህ በርዝመቱ ሰንጥቅ፤ የብሎኩን ጥርስ ልትነካ ስትል ቁም። በቀጭን መሮ ስንጥቁን ወደ ውስጥ ብትመታው ቱቦው ይታጠፍና በእጅ ይወጣል።

ቮላኖው በማውጫ ብቻ ይወጣል። ከኋላው በካቻቢቴ አትፈንቅል፣ የማቀዝቀዣ ክንፎቹ ይሰበራሉ፤ የክራንኩን ጫፍ በመዶሻ አትምታ። ከወጣ በኋላ የቮላኖውን ኪ እያት። ግማሽ የተላጨች ከሆነ ያ የምትሰማው ምት ከፊሉ የእሷም ሊሆን ይችላል።

ሽቦ ሁሉ ላይ ፕላስተር ለጥፈህ ቁጥር ጻፍበት፣ ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ። ከባትሪው ኔጌቲቩ ይቅደም። ሞተሩ ሙሉ ብረት ነው፣ ለብቻህ አታውርደው።

መለዋወጫ ሻጭ ጋ ስትሄድ ደግሞ የእኛን የጋራዥ ስም ተወው። ፓራኦሊዮ ብትለው "ወይን ነው?" ይልሃል። ኦይል ሲል በል፤ ፋሻው ፒስተን ሪንግ፣ ቢዬላው ኮኔክቲንግ ሮድ፣ ፑንቲናው (የማቀጣጠያውን ጅረት የሚከፍትና የሚዘጋው) ፖይንትስ ነው። ስፔክ ቁጥሩን ይዘህ ሂድ።

ጋሽ ቶርኖ

ብሎኩ ከቶርኖ ቤት ሲመለስ በቤንዚን አይታጠብም። ቤንዚን ዘይቱን ያነሳና የድንጋዩን ደቃቅ እዚያው ይተወዋል፤ ያ ደቃቅ አዲሱን ፋሻ በአሥር ሰዓት ሥራ ይበላዋል። በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ነው። በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይደጋገም። ወዲያው ደርቆ ዘይት ይቀባ፣ አለዚያ ገና እየታየ ይዝጋል።

ፋሻውን ፒስተኑ ላይ ከመስካትዎ በፊት እያንዳንዱን ለብቻ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተው በፒስተኑ ራስ ገፍተው ያስተካክሉት፤ የጫፎቹ ክፍተት ከ0.010 እስከ 0.020 ይሁን። ጫፎቹ በአንድ መስመር አይሰለፉ።

ቢዬላውና ሽፋኑ ላይ ምልክት አለ፤ ምልክት ከምልክት ይግጠም። ገልብጠው ከገጠሙት ክብነቱ ይጠፋል። በካፕ ቡሎን የሚታሰረው 285 ኢንች-ፓውንድ ነው፤ መመሪያው መጀመሪያ በ20 በመቶ አስበልጠህ እሰር፣ ፍታ፣ ከዚያ በልኩ እሰር ይላል። ፖሲ-ሎክ የሚባለው ዓይነት ከሆነ 260 ነው። ከታሰረ በኋላ ክራንኩ በእጅ ሲዞር እንደ ቅቤ መዞር አለበት። ከጠበበ አይሞክሩት፣ ይፍቱት። በቢዬላው ሥር ያለችው ማንኪያ እንዳትታጠፍ ይጠንቀቁ፤ ይህ ሞተር የዘይት ፓምፕ የለውም፣ ዘይት የሚረጨው በእሷ ነው። ዘይት ሲጎድል ቢዬላው የሚነክሰውም ለዚሁ ነው።

የክራንኩ ወደ ጎን መላወስ ከ0.003 እስከ 0.020 ይሁን። ይህ የሚስተካከለው ከቮላኖው በኩል ባለው የኩሽኔታ ሳህን ሥር በሚገቡ የተለያየ ውፍረት ጓርኒሲዮኖች ነው፤ የድሮውን ሳይጥሉ ውፍረቱን ይለኩ።

ቫልቮላው ከታች በብሎን ይስተካከላል፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ማስገቢያው ከ0.008 እስከ 0.010፣ ጭስ ማውጫው ከ0.017 እስከ 0.019። የጭስ ማውጫውን ማጥበብ ድምፅ ይቀንስልሃል የሚል ካለ አይስሙት፤ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሳይዘጋ ይቀራል፣ ይቃጠላል።

ቴስታታውን ወፍራም መስታወት ላይ አስቀምጠው በስስ መለኪያ ላሜራ ዙሪያውን ይፈትሹት፣ ከ0.003 በላይ ከገባ ተጣሟል። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። ቡሎኖቹ ተሻግረው፣ በ10፣ በ20፣ በ30 ፉት-ፓውንድ ሦስት ዙር ይታሰሩ። ሞቆ ሲቀዘቅዝ አንድ ጊዜ እንደገና ያጥብቁ።

ቮላኖ

የቀረው እሳቱ ነው። ፑንቲናውን 0.020 ክፈት፣ ካንዴላውን 0.035። ይህ መነሻ ነው እንጂ ልክ አይደለም። ልኩ የሚገኘው በቮላኖው ላይ ባለችው "ኤስ" ምልክት ነው፤ ከጫፍ 20 ዲግሪ ቀድሞ። ሞካሪ አምፖል አገናኝተህ ቮላኖውን በእጅ አዙር፣ "ኤስ" ከጠቋሚው ጋር በተገናኘች ቅጽበት ፑንቲናው መለየት አለበት። ከዘገየ ክፍተቱን ትንሽ አስፋ፣ ከቀደመ አጥብብ። ፑንቲናውን የምትገፋው ቀጭን ዘንግ ከለቀቀች ዘይት ወደ ፑንቲናው ትወረውራለች፣ እሷንም ቀይር።

ካርቡራተሩን አትርሳ። የጋዝ ዘንጉ በመቀመጫው ላይ በእጅ ከተወዛወዘ ተጨማሪ አየር ይስባል፤ አዲሱ ሞተር ዝቅ ብሎ ሲሠራ አይረጋም፣ አንተ ደግሞ ቶርኖ ቤቱን ትወቅሳለህ። ካርቡራተር ማጽጃ በዘንጉ ሥር ስትረጭ ድምፁ ከተቀየረ መልሱ ያ ነው።

ዘይት፦ ኤስኤኢ 30፣ ሲንተቲክ ያልሆነ፣ 2 ኳርት። ካንዴላውን አውጥተህ በሞተሪኖ ለጥቂት ሰኮንዶች አዙረው፣ ዘይቱ ይረጭ። ከተነሳ በኋላ ዝቅ ብሎ ቆሞ እንዳይውል፤ ፋሻው የሚቀመጠው ሸክም ሲያገኝ ነው። ወደ ሣሩ አውጥተህ ፍጥነቱን እየቀያየርክ ቀለል ያለ ሥራ አሠራው። ከ3,600 ዙር እንዳያልፍ ገቨርነሩን (ፍጥነት ገዳቢውን) በቆጣሪ አረጋግጥ፤ የአሉሚኒየም ቢዬላ ከዚያ በላይ አይታገሥም። በመጀመሪያው አምስት ሰዓት ዘይቱን ቀይር፣ ከዚያ በየ25 ሰዓቱ። የመጀመሪያው ዘይት ሲቀዳ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ማየትህ አያስደንግጥህ። ቁርጥራጭ ካየህ ግን አታስነሳው፣ የዘይት ድስቱን ክፈት።

የጓሮ ጎመን (ጠያቂ)

ብሎኩና ክራንኩ ዛሬ ቶርኖ ቤት ገብተዋል። ማርሚታው እንደተባለው በመጋዝ ወጥቷል፣ የብሎኩ ጥርስ አልተነካም። የኮንደንሰሩ (የፑንቲናውን ብልጭታ የሚቀንሰው) ነገር አልተነሳም፤ ከፑንቲናው ጋር አብሮ ይቀየር?

ቮላኖ

አብሮ ይቀየር። አሮጌው የሚሠራ ከሆነ ግን አትጣለው፣ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው። አዲሶቹ ከሳጥናቸው ሲወጡ ጀምሮ የማይሠሩ አሉ፤ ፑንቲናው ሰማያዊ እሳት እየተፋ ከሆነና ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ መጀመሪያ አሮጌውን መልሰህ ሞክር።